በጀርባው አይተኛም

ሁለት ሰዓት ይፈጃል ከሱር እስከ መስከት፤
በቀኛችን ባሕር፣ በግራችን ዓለት፤
ከኋላው ወንበር ላይ እኔና አዛን አለን፣
አገጩን በሁለት ጣት ወደ ላይ ይዤለት።

ስድስት ዓመቱ ነው። አንገቱ አጭር፣ ምላሱ ሰፊ፤
መጣል ያለበትን የማይጥል ገላ፣
ሁሉን የሚያከማች እንደ ስስታም ጎተራ።
የበሽታው ስም ረጅም ነው፤
እናቱ ረያ እንኳ እያነበበች ነው የምትጠራው።
«ከመቶ ሺህ አንድ» ይላሉ።
እኔ የማውቀው አንዱን ነው።

የማደንዘዣዋ ሐኪም ሊሲ ከኬረላ ናት።
«ቡአው ቀላል ነው» አለች፣ «ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤
የሚያስፈራኝ እንቅልፉ ነው።
ሌሊት እንዴት ነው የሚተኛው?»
ረያ ኸልፋንን አየች። ኸልፋን ሙስበሃውን አየ።
ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

ዐረብኛዬ የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው፤
«ሩዝ»፣ «እጠቢ»፣ «ቶሎ» ያውቃል፣
ትንፋሽ ሲሸሽ ምን እንደሚባል አያውቅም።
ነጠላ ጫማዬን አወለቅሁና
ከምርመራው አልጋ ወጥቼ በቀኝ ጎኔ ተኛሁ፤
አገጬን አንጋጥጬ፣ አፌን ከፍቼ
አንኮራፋሁ።

እንደሱ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ ዝም።
እስከ አራት እቆጥራለሁ፤
አምስት ሳይደርስ እነቀንቀዋለሁ፤
ከዚያ እንደሚቀደድ አቡጀዲ ትንፋሹ ይመለሳል።
ማንም አልሳቀም።
«ድገሚው» አለች ሊሲ፣ ብዕሯ አየር ላይ ቆሞ።
ደገምኩት።

የመለሰችውን በራሴ ቋንቋ እንዲህ ያዝኩት፦
መድኃኒቱ ሳይቀድም መንገዱ ይታያል፤
በአፍንጫው ቀዳዳ ቀጭን መብራት ያልፋል፤
ትንፋሹን አንቀማም፣ እሱው ይተነፍሳል፤
አንገቱ አይታጠፍም፣ እንደ ዕንቁላል ይያዛል፤
የጉሮሮ ሐኪም ታጥቦ ይጠብቃል፤
በሩ ከጠበበ ማንም አይሰብረውም፣
ቀስቅሰን እንሄዳለን፤ መመለስ ነውር አይደለም።

ተመለስንም። በመጀመሪያው ቀጠሮ
አፍንጫው ይፈስ ነበር፣ ትንሽ፣ እንደ ጤዛ።
ኸልፋን ተቆጣ፤ ሌሊቱን ነድቶ፣ ልጁ ጾሙን አድሮ፣
«ለንፍጥ?»
«ለንፍጥ» አለች ሊሲ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅን።
በነዚያ ሌሊቶች ረያ እየመጣች
ወለሉ ላይ፣ ከፍራሼ ጥግ ተቀመጠች፤
«እጅሽን የት ነው የምታኖሪው?»
እጇን ይዤ ከመንጋጋው ሥር አኖርኩላት።
«አትጫኚ። ደግፊ ብቻ።»
ስለዚህ «አብሮት የሚገባ አንድ ሰው» ሲሉ
እሷ ገባች። እኔ ከበሩ ውጭ ቀረሁ።

ቀትር ላይ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ።
በነሱ ፊደል ይለያያል አሉ፣ ጥሪውና የልጁ ስም፤
በኔ ጆሮ ግን አንድ ነው።
ኸልፋን ሊሰግድ ተነሣ፣ እኔ አማተብኩ፤
ሁለታችንም የሰማነው ልጁን ነው።

በሩ ሲከፈት ቀድሞ የወጣው ድምፁ፦
ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር።
በጎኑ አስተኝተውታል።
ሲያንኮራፋ ቆይቶ ነቃ፤ ሲነቃ አኮረፈኝ፣
ለምን አልገባሽም ብሎ።
እሰይ፣ ያኩርፍ።

ከመውጣታችን በፊት ሊሲ ካርድ ሰጠችን፣ ባንገቱ የሚንጠለጠል፤
በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፣ መተንፈሻው አስቸጋሪ እንደሆነ፣
በስንት ቁጥር ቱቦ፣ በየትኛው አፍንጫ እንዳለፈች።
«ታሪኩን የሰጠ» በሚለው ፊት ስሜ አለ፤
ትብለጥ ሳይሆን ቲብላ። ይሁን።

ኮንትራቴ በኅዳር ያልቃል።
የካርዱ ጀርባ ባዶ ነበር። ብዕር ለመንኩና
በኔው ፊደል፣ ከኔ በኋላ ለምትመጣው፣
ከወረኢሉ ትሁን ከጅማ ለማላውቃት ልጅ ጻፍኩ፦

እህቴ፣ በጀርባው አይተኛም።
አገጩን በሁለት ጣት።
ዝም ሲል ቁጠሪ፤ አምስት አታድርሺው።